ዝናብ ሳይፈርም

አጎቴ የቀበሌያችን የቤት እድሳት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበሩ። የአንድ ድሃ ቤት ታድሶ ሲያልቅ ኮንትራክተሩ ለርክክብ ይጠራቸዋል። እሳቸው ታዲያ በርጩማቸውን ይዘው ይገቡና ከአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጠው ዝናብ ይጠብቃሉ። ዛሬ ካልዘነበ ነገም ይመጣሉ።

«ዝናብ ሳይፈርም እኔ አልፈርምም» ይሉ ነበር።

ኮንትራክተሮቹ ይስቁባቸዋል። እኔም ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት የእህታቸው ልጅ፣ በርጩማ ተሸክመው መንገድ ላይ ሳያቸው አፍሬ በሌላ በኩል አልፍ ነበር።

ካረፉ ብዙም ሳይቆይ ኮሚቴው በእሳቸው ቦታ እኔን መረጠ። መጀመሪያ የተረከብኩት ሲቀላ ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ የአንዲት እማማን ቤት ነው። ቀኑ ብራ ነበር። «አንተስ የተማርክ ሰው ነህ፤ እንደ ሽማግሌው ደመና ስትጠብቅ አትውልም» አለኝ ኮንትራክተሩ። ደስ አለኝ። ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አየሁና ፈረምኩ።

ሚያዝያ ላይ ከአባያ ሐይቅ በኩል የመጣው ዝናብ ሲያባራ እማማን ልጠይቃቸው ሄድኩ። ፍራሻቸው ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል። ወለሉ መሐል ባልዲ ተቀምጧል፤ ከጣሪያው አሁንም ጠብ ጠብ ይላል። ይረግሙኛል ስል በርጩማ አቀረቡልኝ። መቀመጥ አቃተኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ ስትፈርም ሐዘን ላይ ስለነበርክ ነው» አሉኝ። ከዚያ ባልዲውን አየት አድርገው፣

«አጎትህ ቢኖሩ ግን፣ እዚያ ነበር የሚቀመጡት።»