የአሥር ሰዓት ስንቅ

መቱ መናኸሪያ ውስጥ፣ እኔ ትኬት ከምቆርጥባት መስኮት አጠገብ፣ እትዬ ሽብሬ ስንቅ ይሸጣሉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ፤ ሌላ የለም። ደንበኛቸውን የት እንደሚሄድ አይጠይቁትም። «መንገድህ ስንት ሰዓት ነው?» ይሉታል፤ አማርኛ ካልሆነለት በኦሮምኛ «ሰዓቲ ሜቃ?»። መልሱን ሰምተው ይሰፍሩለታል። ጎሬ ለሚሄድ ጭራሽ አይሸጡም። «ለግማሽ ሰዓት መንገድ ስንቅ? ቁርስህን አልበላህም እንዴ?» ብለው ይመልሱታል። ለጋምቤላ ሁለት ስኒ ቆሎ፣ ለአዲስ አበባ አንድ ኪሎ ዳቦ ቆሎ። ሁለት ኪሎ ያለ ሰው ተቆጥተውት አንዱን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ጠባያቸው ስንት ገበያ እንዳመለጣቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ግን አንድ ቀን ከቀሩ መናኸሪያው ይጨልምብኛል።

አምና አንድያ ልጃቸው ኑኃሚን ቻይና ነፃ የትምህርት ዕድል አገኘች። ሰፈሩ እልል ሲል እሷ አልሄድም አለች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናትና ልጅ ሁለት ብቻ ናቸው። «እማዬ፣ ሩቅ ነው። ብትታመሚ ማን አለሽ?» ብላ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ቢመክሯት ቢቆጧት በጄ አላለችም። መልስ ለመስጠት የቀራት አንድ ሳምንት ነበር።

በማግስቱ እትዬ ሽብሬ መስኮቴ ሥር ቆሙ።

«ፈንታሁን፣ አንተ የመንገድ ሰው ነህ። ይኼ የልጄ ትምህርት ቤት ያለበት ጓንዡ የሚሉት ከተማ ስንት ሰዓት ነው?»

የኔ መንገድ አዲስ አበባ ላይ ነው የሚያልቀው። ቢሆንም ስልኬን አወጣሁ። «ከአዲስ አበባ በአየር ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው» አልኳቸው።

«ኪሎ ሜትሩን ለሾፌር ንገረው። እኔ ሰዓቱን ነው የጠየቅኩህ።»

«አሥር ሰዓት ገደማ።»

«የኛ አውቶብስስ አዲስ አበባ ለመግባት?»

«አሥራ ሁለት። በደሌ ቁርስ ላይ ከዘገየ አሥራ ሦስት።»

ፊታቸው በራ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በወፍጮ ቤቱም በቤተ ክርስቲያኑ በርም ያገኙትን ሁሉ «ቻይና ከአዲስ አበባ ይቀርባል» ይሉት ጀመር። ሾፌራችን ጉርሙ አውቶብሱ የተሰደበበት መስሎት አኮረፈ። ኑኃሚን መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተከራከረች፣ በመጨረሻ ተረታች። እኔም በሒሳቤ ኮራሁ።

የመሄጃዋ ቀን ጠዋት ዕቃዋን አውቶብሱ ጣሪያ ላይ ልጭን መጣሁ። ሻንጣዋ ቀላል ነው። አጠገቡ ያለው ማዳበሪያ ግን አልነሳ አለኝ። ብዳብሰው ዳቦ ቆሎ ነው፤ ሃያ ኪሎ ቢያልፍ እንጂ አያንስም።

«እትዬ ሽብሬ፣ አሥር ሰዓት አይደለም እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባቸው። «በእርስዎ ደንብ እኮ አንድ ኪሎም አይሞላም።»

ኑኃሚን ገብታ ወንበሯን እየፈለገች ነበር። እንዳትሰማቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አሥር ሰዓቱ የመሄጃው ነው፣ ልጄ። የመመለሻውን አንተም አልነገርከኝም።»

ማዳበሪያውን ተሸክሜ ጣሪያው ላይ ወጣሁና ደጋግሜ አጥብቄ አሰርኩት።