ሰው የማይቀመጥበት ሶፋ

እናቴ መደቡን ያፈረሰችው የስልሳዎቹ ዓመታት ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን ቆርቆሮ ክዳን ያለው ሰፊ የጭቃ ቤት ነበር፤ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ የጭቃ መደብ ዙሪያውን ይዞረዋል። መደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል። እንግዳ ሲገባ ማንም ሳይነግረው ቦታውን ያውቃል፤ ትልቅ ሰው ወደ ውስጥ፣ ጎረምሳ ወደ በሩ። አባቴ ከቡሬ በርበሬ እየገዛ የሚነግድ ሰው ስለነበር ገበሬውም ሹፌሩም ከቤታችን አይጠፋም፤ ሁሉም እዚያ መደብ ላይ አረፍ ብሎ፣ በልቶ ጠጥቶ ይሄዳል። አንድም ሰው መደቡ አልተመቸኝም ሲል ሰምቼ አላውቅም።

አንድ ጊዜ እናቴ ለዘመድ ልጅ ክርስትና ደብረ ማርቆስ ሄደች። እዚያ የአንድ ሹም ሚስት ቤት ገብታ ሳሎን የሚባል ነገር አይታ ተመለሰች። ስትመለስ ገና ነጠላዋን ሳታስቀምጥ መደቡን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ አስተያየቷ ደግ አልነበረም።

«ይሄን የድሮ ነገር ይዘን እስከ መቼ ነው?» አለች።

አባቴ ስለ በርበሬ የምታወራ መስሎት «ኧረ የዘንድሮ ነው፤ ገና አሁን የደረሰ» አላት።

በሳምንቱ ዶማ የያዙ ቀን ሠራተኞች መጡና መደቡን ንደው አወጡት። ቤቱ ባዶውን ቀረ። አባቴ ከሱቁ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረና «ታዲያ እኔ የት ልቀመጥ?» አለ። «ሶፋ ይመጣል» አለችው። ሶፋው እስኪመጣ ድረስ የተቀመጥነው በርበሬ ጆንያ ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣም ጆንያ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ያስነጥሳል፤ ይማርህ እንለዋለን።

ሶፋውን የሠራው ቡሬ ያለ አናጢ ነው። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጫጭር፤ በጭነት መኪና አናት ላይ ተጭኖ አቧራ ለብሶ መጣ። እናቴ ከማርቆስ ያስመጣችው ቀይ ጨርቅ ግን ለመደገፊያውና ለክንዱ ብቻ በቅቶ አልቋል። አናጢው ብልሃት የጎደለው ሰው አልነበረምና መቀመጫውን ከአባቴ ጆንያ ቀድዶ ሰፍቶበታል። እኔ ሳየው ሣቄ መጣ። እናቴ ግን ቀድሞውኑ አስባበት ነበር።

«ዳንቴል ይሸፍነዋል» አለች።

ዳንቴሉን ማን እንደሚሠራው አልተናገረችም። ምን ያስናግራታል! በቤቱ ውስጥ ኪሮሽ የምችል እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜዬ ነጭ ክር ሆነ። ለየመቀመጫው አንድ አንድ ትልቅ ዳንቴል፤ በየመሐሉ የመስቀል ቅርጽ እንዲኖረው። መስቀሉን የመረጠችው እሷ ናት፤ «ቤቱ ይባረክበታል» ብላ። የመቀመጫው ሲያልቅ የመደገፊያው መጣ፤ የመደገፊያው ሲያልቅ የክንዱ፣ ከዚያ የጠረጴዛው፣ ከዚያ የቡፌው። ቡፌው ውስጥ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች ተደርድረው ነበር፤ ለእነሱም ከሥራቸው የሚነጠፍ ዳንቴል ተሠራ። ራዲዮኑ ራሱ ልብስ ለበሰ፤ ዜና መስማት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ልብሱን ሊያወልቅለት ነው። ለፋኖሱም ሥሪ ስትለኝ ግን አላስቻለኝም።

«እማዋ፣ ቤቱን ሊያቃጥሉት ነው ወይ?» አልኋት።

«አንቺ ደግሞ ቤት ሲያምር አትወጂም» አለችኝ።

ያ ሁሉ አልፎ የምንቀመጥበት ቢሆን ኖሮ ነገሩን እተወው ነበር። አንቀመጥበትም። ዳንቴሉ ይጨማደዳል፣ ቀዩ ጨርቅ ይደበዝዛል፣ የቡሬው አናጢ የመታው ምስማር ይላላል፤ ምክንያት አይጠፋም። አባቴ ከሥራ ደክሞ ሲገባ ሶፋውን በሩቁ አይቶት ወደ ወጥ ቤት ያልፋል። የምንበላው ወጥ ቤት፣ የምናወራው ወጥ ቤት፣ የሚታመመውም የሚተኛው ወጥ ቤት ሆነ። በየጠዋቱ የሳሎኑን አቧራ የማራግፍ እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ሶፋ ላይ አረፍ ብዬ አላውቅም። አንዳንድ ጊዜ መጥረጊያውን ይዤ እዚያው ቆሜ፣ እንጨትና ገለባ እንዲህ ይከበራል፣ እኛ ግን በርጩማ ላይ እንኮማተራለን እያልሁ ብቻዬን እነጫነጭ ነበር።

ለሶፋው አንድ ምስጋና አለኝ። አባቴ ቡሬ ሳለ ወባ ይዞት ያከመው አንድ ወጣት ድሬሰር ነበር። አገሩ ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ነው፤ የሚሠራው ቡሬ ጤና ጣቢያ። ኋላ ፍኖተ ሰላም ሲመጣ አባቴን ሊጠይቅ ወደ ቤት ጎራ አለ። እናቴ የሱሪውን አቧራ አይታ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤት መራችው። እዚያ እኔ አለሁ። ሳሎን ቢቀመጥ ኖሮ ውሃ አቀብዬው ዓይኔን ሰብሬ እመለስ ነበር፤ ወጥ ቤት ውስጥ ግን በርጩማ ለበርጩማ ፊት ለፊት ተቀምጠን አወጋን። ደጋግሞ መጣ። ወደድሁት። እውነቱን ለመናገር፣ እሱን የወደድሁትን ያህል ከዚያ ቤት መውጣቱንም ወድጄው ነበር። እግሬን ዘርግቼ የምቀመጥበት ቤት አማረኝ።

በጥቅምት ሽማግሌ ላከ። መጀመሪያ ሲመጡ አባቴ ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀብሎ «እንመካከር» ብሎ መልሷቸው ነበር። በተቀጠሩበት እሑድ ጠዋት ተመልሰው መጡ፤ አንዱ የልጁ አጎት የሆኑ ቄስ ናቸው፣ ሁለቱ ከዚያው ከገጠሩ የመጡ ገበሬዎች። እናቴ ከዋዜማው ጀምሮ ሳሎኑን ስታሳጥበኝ፣ ዳንቴሉን በከሰል ካውያ ስታስተኩሰኝ ነበር። እኔ ጓዳ ገብቼ ከመጋረጃው ኋላ ቆምሁ፤ የምትጠየቅ ልጅ በሽማግሌ ፊት አትታይም።

ሽማግሎቹ ቆመው ጉዳያቸውን አቀረቡ። ሳይሰጣቸው እንደማይቀመጡ ማንም ያውቃል፤ ወጉ ነው። አባቴ ጥቂት አንገራገረ፤ ያም ወግ ነው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣

«እንግዲህ ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። በሉ አሁን ተቀመጡ» አለ።

እናቴ እልል አለች። እኔ መጋረጃውን ጨምድጄ ያዝሁ። ሽማግሎቹ እጅ ነሡ፣ መረቁ፣ አመሰገኑ። አልተቀመጡም።

«ኧረ ተቀመጡሳ» አለ አባቴ።

«ይቆየን ግድ የለም ጌታዬ፤ መቆሙን ለምደነዋል» አሉ ቄሱ።

«ከሩቅ አገር በእግራችሁ መጥታችሁማ አትቆሙም።»

አንደኛው ገበሬ ነገሩን ሊያበርድ ብሎ ጋቢውን ሰብስቦ መሬት ላይ ቁጢጥ ሊል ሲል እናቴ ጮኸች። «በስማም! መሬት? ሶፋው ለማን ተሠራና!» አለች። ያን ሁሉ ጊዜ እንደ ዶሮ እሽ ስትለን የኖረች ሴት! ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ጆሮዬን ተጠራጠርሁ።

ገበሬው ደንግጦ ተነሣ። ሦስቱም እንደ ቆሙ ቀሩ። የአባቴ ፊት እየጠቆረ ሲሄድ አየሁት። ነጋዴ ነው፣ ታጋሽ ነው፤ ቤቱን የናቁበት ሲመስለው ግን ያ አባቴ አይደለም።

«አባ፣ ይፍቱኝና ልጠይቅዎ» አለ። «ቤቴ ምን አጉድሏል? ቃሌን ከሰጠሁ በኋላ ቤቴ መቀመጥ የተጠየፈ ሰው ልጄን ምን ብሎ ነው የሚያከብርልኝ?»

«ኧረ እንዲያ አይበሉ ጌታዬ» አሉ ቄሱ፤ ሌላ ቃል ግን አልጨመሩም። ሶፋውን አየት አደረጉና ዓይናቸውን ወደ ጣራው ሰቀሉ።

«እንግዲያው ነገሩ ይቅር» አለ አባቴ።

ይቅር! በመጋረጃው ስንጥቅ ቄሱን ብቻ አየሁ። የጋቢያቸው ጫፍ ሶፋው ላይ ሊያርፍ ሲል ቀስ ብለው ሰበሰቡት፤ ከዚያ ማንም እንዳያይባቸው ጀርባቸውን ሰጥተው አማተቡ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔው በእጄ የሠራሁት መስቀል እያንዳንዱ መቀመጫ መሐል ላይ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ቄስ እንዴት መስቀል ላይ ይቀመጣል? ቄስ ያልሆነ ገበሬስ ቢሆን እንዴት አድርጎ ይቀመጥበታል? ለባለቤቲቱ ደግሞ «መስቀሉን ለመቀመጫ አነጠፉት» ብሎ በፊቷ መናገር ማዋረድ ነውና እሳቸው መቆሙን መረጡ።

እናቴ አልገባትም። አባቴም አልገባውም፤ እሱ ጆንያውን እንጂ ዳንቴሉን መች አይቶ ያውቃል። እኔ ከጓዳ ሆኜ ብጠራቸው ማንም አይሰማኝም። ስለዚህ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወጣሁ።

«ወዴት ነሽ አንቺ!» አለች እናቴ።

አልመለስሁላትም። ጎንበስ ብዬ ከረጅሙ ሶፋ ጀመርሁ። ዳንቴሉን ገፈፍሁት፤ ከአጭሩም፣ ከሌላው አጭርም። መደገፊያው ላይ ያለውንም አልማርሁት። ዓመት ሙሉ ጣቴን የወጋኝን ነገር ሁሉ ሰብስቤ፣ መስቀሎቹን በአክብሮት አጥፌ፣ በሁለት እጄ ለቄሱ ሰጠኋቸው። ተሳለሟቸው። የእናቴ ሶፋ በጠራራ ፀሐይ ጆንያውን አሳይቶ ቁጭ አለ።

«ይባርክሽ ልጄ» አሉና ቄሱ ተቀመጡ። ገበሬዎቹም ተቀመጡ። ጆንያ ለእነሱ ብርቅ አይደለም፤ ወዲያው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ከዚያ አንደኛው አስነጠሰ። «ይማርህ» አሉ ቄሱ፤ ተከትለው ራሳቸው አስነጠሱ። ሌላው ገበሬ ቀጠለ። ጆንያው ስንት ጊዜ ቢራገፍም በርበሬው ከውስጡ አልወጣም ነበር። አባቴ እንዳይሥቅ ከንፈሩን ነከሰ፣ አልቻለም፤ እንባው እስኪወርድ ሣቀ። ሽማግሎቹም ሣቁ። የሠርጉ ቀጠሮ ለጥር ተቆረጠ።

ሲሄዱ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«በሰው ፊት ጆንያዬን ገለጥሽው» አለች።

«ትዳሬ ሊፈርስ ነበር!»

«ቀስ ብለሽ አትነግሪኝም ነበር?»

እስከ ሠርጉ ድረስ ስለ ሙሽራ ልብስ እንጂ ስለ ሌላ አላነጋገረችኝም። እኔም ንዴቴ አልበረደልኝም። ዳንቴሎቹን ቄሱ ሲወጡ ጠረጴዛው ላይ ትተውላት ነበር፤ በማግሥቱ መስቀሎቹን ከዚያ አንሥታ ግድግዳው ላይ ሰቀለቻቸው፣ ለመቀመጫው አበባ እንድሠራላት አዘዘችኝ። እምቢ አልሁ። በሕይወቴ የመጀመሪያዋ እምቢታ ናት።

በጥር ቡሬ ገባሁ። ባሌ የቤቱን በር በኩራት ከፈተልኝ። ምን ባይ ጥሩ ነው? አንድ ረጅም፣ ሁለት አጫጭር፤ ቀይ! እዚያው አናጢ ዘንድ ሄዶ አሠርቷል። አጎቱ «የልጅቱ ቤት ወንበሩ ያማረ ነው» ብለውት፣ ሶፋ የለመድሁ እንዳይከፋኝ ብሎ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ድቡልቡል ነጭ ክርና አዲስ ኪሮሽ አስቀምጦልኛል።

«ዳንቴል እንደምትወጂ ሰምቻለሁ» አለኝ።

ልሣቅ ላልቅስ ሳላውቅ ጫማዬን ሳላወልቅ ሄጄ ረጅሙ ሶፋ ላይ ተዘረገፍሁ። ደነገጠ። «ክሩ ለሸሚዝህ ቁልፍ መስፊያ ይሆናል» አልሁት።

ከፋሲካ በኋላ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወንበሮቹን አየች።

«ምነው ራቁታቸውን?»

«ይቀመጡ እማዋ።»

«ጫማዬ አቧራ ነው።»

«ይቀመጡ አልሁ!»

በነጠላዋ ጫፍ መቀመጫውን ጠረግ አድርጋ ጠርዙ ላይ አረፈች። ትንሽ ቆይታ ወደ ውስጥ ገባ አለች። ጀርባዋን አስደገፈች። እጇን ክንዱ ላይ አስቀመጠች።

«ለካስ ይመቻል» አለች።

«የእርስዎ አይመችም?»

«እኔ በምን አውቄ? ተቀምጬበት አውቃለሁ?»

እንዲህ ስትለኝ የነደድሁት ንዴት ያን ሁሉ ዳንቴል ስሠራ ከነደድሁት ይብሳል። በእሷ ነደድሁ፤ ያቺን የማርቆስ ሴትዮም በሐሳቤ ረገምኋት፤ በርጩማ ላይ ተኮማትራ የበላችው ምሳ ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ምሳዋን ይዤ ተመልሼ እዚያው ቀዩ ወንበር ላይ እንዳለች አቀረብሁላት።

ሳህኑን አየች፣ ቀዩን ጨርቅ አየች።

«ወጡ ቢፈስበትስ?» አለች።

«ይፍሰስ» አልኋት።