የሐጂ ኑሩ ቮልስ ሞተሪኖ

መጀመሪያ ቀን ሥራ ስገባ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ጠረጴዛሽ ያ ነው። ከመኪና ሥር ግን አትገቢም። አንዋር መስጊድ ጀርባ ላይ ሴት ተንጋላ ስትሠራ መታየት የለባትም» አሉኝ። ሽቦ መጠቅለል ከማን እንደተማርኩ፣ ለምን ሥራ እንደፈለግሁ አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝም አልነግራቸውም ነበር።

ሥራዬ ሞተሪኖ ነበር። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን ቀስቅሶ የሚያስነሳው እሱ ነው። ከመኪናው የሚያወርደውና መልሶ የሚገጥመው መካኒኩ ተካልኝ ነው። እኔ ፈትቼ አጸዳለሁ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ያለቀ ካርቦን እቀይራለሁ፣ የተቃጠለ ሽቦ እጠቀልላለሁ። ከዚያ መሬት ላይ አጋድሜ በእግሬ እረግጥና ባትሪ አስነካዋለሁ። ከዞረ፣ ከእጄ ወጣ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ለተካልኝ ተመችቶት ነበር። መኪናው ከተነሳ የገጠመው እሱ ነው፤ ካልተነሳ የጠገንኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ በዚሁ ሰበብ እንደተባረረ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ሐጂ ኑሩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ነጭ አሮጌ ቮልሳቸውን ለማንም አይሰጡም፤ ራሳቸው ይነዱታል። ሞተሪኖው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ አብረው መጡ።

«አስካለ፣ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ወዛደር እየለመንኩ ላስገፋ? ትናንት ሰባተኛ ሰፈር የገፉኝ ጎረምሶች ‹ሐጂ፣ በቅሎ ይሻልዎታል› አሉኝ።»

«እዚህ ዞሮ ነው የወጣው፣ ሐጂ» አልኳቸው።

«እሷ ዘንድማ ሁሉም ይዞራል!» አለ ተካልኝ። «ደህናውን መዳብ አውጥታ ሶማሌ ተራ ሸጣው እንደሆነስ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ጋሽ ሸምሱ አልሳቁም። መርካቶ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ዕቃ ትለውጣለች የተባለችን ሴት ሌላ ጋራዥ በሩን አይከፍትላትም።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ጋሽ ሸምሱ ሊሰግዱ ሲወጡ በር ላይ ቆሙ። «ከሶላት ስመለስ ይቺ መኪና ካልተነሳች፣ ዕቃሽን ሰብስበሽ ውጪ» አሉኝ።

ሞተሪኖውን ከፈትኩት። የሚሽከረከረው ክፍል ጎኑ ተፍቋል፤ ከዙሪያው ብረት ጋር ሲታከክ ነበር። ዘንጉ ያዘነብላል ማለት ነው። በኋላ በኩል ዘንጉን እንደ ቀለበት አቅፋ የያዘችውን ቡሽ አየሁ። ደህና ናት፣ አትላወስም። የቮልስ ዘንግ የፊት ጫፉ ግን ሞተሪኖው ውስጥ አይደለም የሚያርፈው። የማርሹ ቤት፣ ካምቢዮው ላይ የተሰካች ትንሽ የነሐስ ቡሽ አለች፤ እሷ ውስጥ ይገባል። ጠረጴዛ ላይ ያቺ ቡሽ የለችም። ጥፋቷም እዚያ አይታይም።

«ተካልኝ፣ ካምቢዮው ላይ ያለችውን ቡሽ አይተሃታል?»

«የሞተሪኖ ጣጣ ያንቺ ነው። እኔ እጄን ታጥቤያለሁ» አለና ምሳውን ከፈተ።

ሞተሪኖውን አጽድቼ መልሼ ዘጋሁት። መኪናዋ ክሪክ ላይ እንደቆመች ነበረች። ከሥሯ ግንድ ደገፍኩ፣ ቀሚሴን ቱታ ውስጥ ከተትኩና ገባሁ። ጣቴን ስሰድ ቡሽዋ ተበልታ ሞላላ ሆናለች። ጥርሱ የሰላ ቡሎን ውስጧ አስገብቼ ቀስ እያልኩ አጠበቅሁና ጎትቼ አወጣኋት። ከመለዋወጫ ሳጥን ያመጣኋትን አዲስ ቡሽ ዘይት ቀብቼ በእንጨት ገፋሁ። ግማሿ ገባ፤ ግማሿ እምቢ አለ። ምት ትፈልጋለች።

ሰጋጁ እስከ በራችን ተደርድሯል። ኢማሙ በድምፅ ማጉያ ይቀራሉ፣ ሌላ ድምፅ የለም። በዚያ ጸጥታ መዶሻ አይነሳም። ሶላቱ ሲያልቅ ደግሞ ጋሽ ሸምሱ ይመጣሉ። መዶሻውን ደረቴ ላይ አድርጌ ተኝቼ ጠበቅሁ። ተካልኝ ሲያላምጥ ይሰማኛል።

ሶላቱ የሚዘጋበትን ማሰላመቻ እንደሰማሁ መታሁ። ቡሽዋ ገባች። ሞተሪኖውን አንስቼ ቡሎኖቹን ሳጠብቅ የጋሽ ሸምሱ ጫማ ጆሮዬ አጠገብ ቆመ።

«ማነው እዚህ ሥር?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ብዬሽ ነበር?»

«ሽቦውን አስሬ እወጣለሁ።»

«አሁን ውጪ አልኩሽ!»

አልወጣሁም። ሽቦውን አሰርኩ። ስወጣ ሐጂ ኑሩም ከሶላት ተመልሰው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል። የባትሪውን ገመድ መለስኩ፣ ግንዱን አንስቼ መኪናዋን ከክሪክ አወረድኩና፣ «ገብተው ያስነሱ» አልኳቸው። ቁልፉን አዞሩ። ቮልሷ አንዴ ተነቀነቀችና ተነሳች። አጥፍተው ደገሙ፤ ተነሳች።

«አሁን በቅሎ አልገዛም» አሉና ነድተው ወጡ።

ያረጀችውን ቡሽ ከተካልኝ ምሳ ዕቃ አጠገብ አስቀመጥኳት። «መዳቡን ፈልገህ ነበር፤ ነሐስ ነው የተገኘው» አልኩት። ማላመጡን አቆመ።

ጋሽ ሸምሱ ይቅርታ አልጠየቁኝም። እኔም እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። «የጠገንኩትን የምገጥመው እኔ ነኝ፤ አለዚያ ዕቃዬን እሰበስባለሁ» አልኳቸው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የእኔን ሞተሪኖ ሌላ ሰው አልገጠመውም።

ለሙያው አዲስ ለሆናችሁ፦ ሞተሪኖ ጠረጴዛ ላይ ዞሮ መኪና ላይ እምቢ ካለ፣ ደግማችሁ ከመፍታታችሁ በፊት የሚቀመጥበትን ቦታ እዩ። እንድታዩ ካልተፈቀደላችሁም እዩ።