ጋጋሪዬ ሽርጡን ለሌላ ሰው አሰረለት

ዛሬ ጠዋት ጋጋሪዬ ሰይድ ሽርጡን ፈትቶ አብሮት ለመጣ ጎረምሳ አሰረለት።

መርሳ ላይ ዳቦ ቤት ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ጋጋሪ ማግኘት ጭንቅ ነው። «ጋጋሪ እንፈልጋለን» ብዬ በሩ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ፀሐይ አደብዝዞታል። አንዱ ይመጣና ሥራውን ሲለምድ ስልኩን ዘግቶ ይጠፋል። ከርሞ «ሳዑዲ ገባ» ይሉኛል፤ አንዳንዴም ምንም አይሉኝም።

ሰይድ ግን፣ «እትዬ፣ የአጎቴ ልጅ ነው፣ ከግራና። ዋሱ እኔ ነኝ» አለኝ። ልጁ ሊጡን ሲያድቦለብል አየሁት፤ እጁ ጥሩ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሰይድ ግን ሊጥ አልነካም። ምድጃው በየት በኩል እንደሚያሳርር ለልጁ ማሳየት ብቻ ሆነ ሥራው።

«ሁለት ሆናችሁ ልትሠሩልኝ ነው አይደል?» አልኩት።

መሬት መሬት እያየ፣ «እርስዎን ያለ ሰው ጥዬዎት ብሄድ አላህ አይወደውም» አለኝ።

(ዋስ ተብዬው ራሱ ሂያጅ መሆኑን ልብ በሉልኝ።)

በየት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም። እኛ ሰፈር «ልሄድ ነው» ያለ ሰው በየመን በኩል፣ በባሕር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። «ተው» ብለው አልሰማኝም። ከዚያ ወዲህ የባሕሩን ወሬ ለማየት ስልኬን ከእጄ ማስቀመጥ አቅቶኛል።

ወልድያም መርሳም ያላችሁ አሠሪዎች፣ ሠራተኛችሁ ተተኪ ይዞ ሲመጣ ትደሰታላችሁ ወይስ ትደነግጣላችሁ? እስቲ ንገሩኝ።

እኔ ወረቀቱን ልገነጥል ወጥቼ ነበር። አዲሱ ልጅ ሰይድን «እዚያ ስትደርስ ደውልልኝ፣ እከተልሃለሁ» ሲለው ሰማሁና እንደተለጠፈ ተውኩት።