በአንቀልባ የታዘለ ካሜራ

ልጅቱ ወደ ፎቶ ቤታችን የመጣችው ከፋብሪካ ወጥታ በቀጥታ ነው፤ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ ነበረባት። እንደ ሌላው ደንበኛ መስተዋቱ ፊት አልቆመችም። ለፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ለጋሼ፣ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር፦

«እናቴ ፎቶውን እየሳመች ጨረሰችው።»

ጋሼ አልገባቸውም፤ እኔም አልገባኝም። ቀስ እያለች ነገረችን። ወንድሟ ተማሪ ነበር። ሬሳ በየመንገዱ በሚያድርበት በዚያ ዘመን ተይዞ ሄደ። አስከሬን አልተሰጣቸውም፤ እንዳያለቅሱም ተነገራቸው። ከእሱ የቀረ አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። እናትየው በባሕሩ ዳርቻ ባለ መንደር ተቀምጣ ጧትና ማታ ትስመዋለች። አፉ ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን አፍንጫውን ይዛለች።

«ዓይኑ ሳይሄድ አንድ ነገር አድርጉልኝ» አለች።

«አምጪውና እንገለብጠዋለን፤ አሳድገንም እንሰጥሻለን» አሉ ጋሼ።

«አትሰጥም። ልጇን ‹ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል› ብለው ነው የወሰዱባት። ከእጅ የወጣ አይመለስም ትላለች። ከተማ ከገባችም ስንት ዓመቷ።»

እንግዲህ ፎቶው ካልመጣ ካሜራው መሄድ ነበረበት። ትንሽን ነገር በቅርብ አይቶ የሚገለብጥልን ትልቁ ካሜራ ብቻ ነበር፦ ከእንጨት የተሠራ፣ እንደ ወናፍ የሚሳብና የሚታጠፍ ጥቁር ሆድ ያለው፣ ከኋላው መስታወት የተገጠመለት። ባለሦስት እግር መቆሚያው ብቻውን አንድ ሰው ያስለፋል። የጋሼ ወገብ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ስለዚህ ሂያጁ እኔ ሆንሁ። ግጥም ለራሴ መጻፍ የጀመርሁ፣ መቀመጥ የማይሆንልኝ ጎረምሳ ነበርሁ፤ ሂድ መባልን እወድ ነበር።

ካሜራው እስከዚያ ቀን ከቤት የወጣው ለሠርግና ለትምህርት ቤት በጋሪ ተጭኖ ነው። ወደ መንደሩ ግን ጋሪ አይሄድም። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለ ነበር የእግሩን መንገድ ባሕሩ ውጦታል፤ ያለው ታንኳ ነው። ታንኳ ደግሞ ደንገል ታስሮ የሚሠራ ስለሆነ ውኃው ከሥር እየሰረገ ይገባል። ከታች ያስቀመጡት ዕቃ ይርሳል። ደረቅ ሆኖ የሚደርሰው ጀርባ ላይ ያለው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ጆንያ ወስጄ በገመድ ማንገቻ ሠራሁለት። የእናቴን የወፍጮ መጅ ከትቼ በባሕሩ ዳር ባለው መንገድ ሞከርሁት። ገመዱ ትከሻዬን ገዘገዘው፤ መጁ እየተንሸራተተ መቀመጫዬን ይመታኝ ጀመር። አጥንት ያስፈልገው ነበር። ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩና የደንበኛ መቀመጫ የነበረውን፣ አንድ እግሩ የተሰበረውን ወንበር ሰጡኝ። ለመታወቂያ ፎቶ የከተማው ሰው ሁሉ ተቀምጦበታል፤ አንዳንዱ ከዚያ ወዲያ የትም አልተቀመጠም። እግሮቹን በመጋዝ ቆረጥሁ። መደገፊያው ከጀርባዬ ገጠመ፤ መቀመጫው ካሜራውን ተቀበለ። ስቆርጠው እንጨቱ እንደ ሰው ጉሮሮ ድምፅ አወጣ። መጋዙ ዶልዱሞ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ።

ዙሪያውን አሮጌ የድንኳን ሸራ ሰፋሁበት። ለውስጡ ከባሕሩ ዳር ደንገል አጭጄ፣ ሰንጥቄ፣ እንደ ሰሌን ደረደርሁት። አድሮ ሳየው ሸራው ላብ አልቦታል፤ ደንገሉ ሳይደርቅ ነበር የከተትሁት። አወጣሁና ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ልጅቱ ደግሞ ከፋብሪካው የተጣለ ብጥስጣሽ ክር በነጠላዋ ቋጥራ አመጣችልን፤ በደንገሉና በሸራው መካከል ጠቀጠቅሁት። አሁን ካሜራው ቢወድቅም የሚወድቀው ጥጥ ላይ ነው።

የቀረው ማንገቻው ነበር። ገመድ አልሆነም፤ የሸራ ቅዳጅም ተጠቅልሎ ጠባብ ይሆናል። እናቴ ግድግዳ ላይ የሰቀለችውን አንቀልባ አየሁት። እኔ ያደግሁበት ነው፤ ቆዳው ከመልፋቱ ብዛት ጨርቅ ሆኗል፤ ጠርዙን ዛጎል ከቦታል።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አለች።

«ካሜራ ላዝልበት።»

«ካሜራ ይሸከሙታል እንጂ ያዝሉታል?»

«ከመሸከም ማዘል ይሻላል፤ ትከሻ አይቆርጥም።»

አወረደችልኝ፤ ግን ወዲያው አልለቀቀችውም። «ባዶውን ይዘህ ከቤት እንዳትወጣ። ባዶ አንቀልባ የማታውቀው ይገባበታል።»

ሳቅሁባት። ሆኖም አንድ እፍኝ ጥጥ ከትቼበት ነው የወጣሁት።

ሰፊውን ቆዳ በወንበሩ መደገፊያ ላይ ወጥሬ ሰፋሁት፤ ማንገቻዎቹ በትከሻዬ መጥተው ደረቴ ላይ ተጠላልፈው ይታሰራሉ። ቋጠሮውን አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት የሚፈታ አደረግሁት፤ ባሕር ላይ ነውና። ስቆም ክብደቱ ጀርባዬ ላይ ልክክ አለ። ደስ አለኝ። መራመድ ስጀምር ግን ወናፉ በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ አየር ማስወጣት ጀመረ፤ ማጅራቴ ላይ፣ ለብ ያለ፣ የተኛ ልጅ ትንፋሽ የመሰለ። አውርጄ አጥብቄ አሰርሁት። አልተወም።

መቆሚያውን በእጄ ይዤ በሄድሁበት ቀን የግሽ አባይ ሰፈር ነጋዴዎች በነፃ አላሳለፉኝም።

«እሰይ፣ ወለደ» አለች አንዲቱ ሽንኩርት ሻጭ።

«እናቱስ የት ጥላህ ሄደች?» አለ ባለጋሪው።

«ጡት ይጠባል ወይስ አስጥለኸዋል?»

«አባቱን ነው የመሰለ፣ ጥቁር ነው» አለች ሽንኩርት ሻጯ፣ ፎቶ አንሺው የሚከናነበውን የካሜራውን ጥቁር ጨርቅ ጫፍ አይታ።

ወደቡ ላይ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስቆመኝ። «ጓድ፣ ምንድን ነው ያዘልኸው?» ካሜራ ነው ብዬ ብነግረው አላመነም፤ አስወረደኝ፤ አስተከለኝ። ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ሁሉን ገልብጦ በሚያሳየው መስታወት አየ። ከጨርቁ ሥር ሳቁ ተሰማኝ፦ «ሰዉ ሁሉ በራሱ ቆሟል እኮ።» ታንኳውን፣ ዓሣ አጥማጆቹን፣ ዋርካውን እያዞረ አየ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ቁልቁል የተንጠለጠለ ሰው ሌላ ቦታ ያየ ይመስለኛል። ብዙ ቆይቶ ወጣና «ክደነው» አለኝ። ሂድ አላለኝም፤ ፊቱን ብቻ አዞረ።

ታንኳ ቀዛፊው ሽበት የወረረው እስላም ነበር፤ ታንኳውን ራሱ ነው የሚያስረው። ቢስሚላህ ብሎ ከመግፋቱ በፊት ደረቴን ተመለከተ።

«ቋጠሮው ይፈታል?»

«አንድ ሳብ ነው።»

«ደግ። ብንገለበጥ እሱን ፍታና ራስህን አውጣ።» ጥቂት ቀዘፈ። «ልጅ ቢሆን ግን አትፈታም ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ከዚያ ወዲያ እጄ ቋጠሮው ላይ ሆኖ ነው የተጓዝሁ። ለመፍታት ይሁን ለማጥበቅ አላወቅሁም።

ልጅቱ ቀድማኝ ሄዳ ስለነበር በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እናትየው ከኋላዋ ብቅ አሉ፤ ቀጭን ሴት ናቸው። ፊቴን አላዩም፤ የአንቀልባውን ማንገቻ ነው ያዩት።

«ግባ ልጄ» አሉኝ። «አውርደው። ታፈነ።»

አወረድሁት። ካሜራውን አውጥቼ የበሩን ብርሃን እንዳይጋርድ አድርጌ ተከልሁት። ቤቱ መስኮት የለውም፤ ብርሃን በበሩ ብቻ ነው የሚገባ። ፎቶውን ደጅ ላውጣው ብላቸው «ሰው ያየዋል» አሉ። በመዳፋቸው ይዘው ቆሙልኝ። በመስታወቱ ሳየው ፊቱ ይንቀጠቀጣል፤ እጃቸው ነው። በዚያ ብርሃን ሌንሱ ለብዙ ጊዜ ተከፍቶ መቆየት አለበት፤ የሚነቃነቅ ፊት ጭስ ሆኖ ነው የሚቀር።

«እማማ፣ ግድግዳው ላይ እንለጥፈው።»

«በምን? በምስማር?»

«በርጩማው ላይ ያስቀምጡት።»

«ቂጥ ያረፈበት ላይ?»

«እኔ ልያዘው» አለች ልጅቱ። ለእሷም አልሰጡም። ፀሐይዋ ከበሩ መድረክ ላይ መሸሽ ጀምራ ነበር፤ ከሄደች ደግሞ ሌላ ቀን መምጣት ላይቻል ነው፤ ፎቶውም እስከዚያ በከንፈር ማለቁ ነው።

እናትየው ምሰሶው ሥር የተጣለውን አንቀልባ ሲመለከቱ ቆዩ።

«አሁን ባዶ ነው?»

«አዎን፣ እማማ።»

«እዚያ ውስጥ ከሆነ እሺ።»

ወንበሩን ምሰሶው ላይ አስደግፌ አሰርሁት። ፎቶውን ራሳቸው ከዛጎሉ በላይ በቆዳው እጥፋት ውስጥ አስገቡት፤ አንገቱ እንዳይዘም እንደሚደግፉት ልጅ በሁለት ጣት ደገፉት፤ ከዚያ እጃቸውን አነሡ። በመስታወቱ አየሁት፦ ተዘቅዝቋል፣ ግን ዝም ብሏል። ሁለት ዓይኖች ነበሩት።

ጋሼ በሰዓት አይቆጥሩም። ደብዘዝ ባለ ቤት ሌንሱን ከፍተህ አቡነ ዘበሰማያት ድገም፣ ስትጨርስ ክደን፣ ነው ያስተማሩኝ። በልብ ነው የሚባለው። ፊልሙን አስገብቼ ክዳኑን አነሣሁ። እንዳይፈጥንብኝ ብዬ ይሁን ከፍርሃት፣ ቃሉ ከአፌ ወጣ። ግዕዙ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ተሰማ።

እናትየው ጥቁር ጨርቅ ትከሻው ላይ የጣለ ሰው በልጃቸው ፊት ቆሞ ሲደግም ሰሙ። ፍትሐት መሰላቸው። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያ ያ ሁሉ ዓመት ተከልክሎ የቆየው ልቅሶ ወጣ፤ ስሙን እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ሙሾውን ከየት እንዳቆሙት ከዚያ የቀጠሉት ይመስል።

ልጅቱ ወደ በሩ ዘለለች። ድምፁ እንዳይወጣ ልትዘጋው ነው። እጇ መዝጊያውን ያዘ። ያኔ ወደ ካሜራው ዞር አለች። በሩ ከተዘጋ ብርሃኑ የለም። እኔ መናገር አልቻልሁም፤ መሐል ላይ ነበርሁ፤ ካቋረጥሁ ልኬቱ ይጠፋኛል። እሷ እናቷን አየች፣ ምሰሶውን አየች። እጇን ከመዝጊያው ላይ አነሣች። በሩ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ ልቅሶውም መንደሩን ሞላው።

እስከ አሜን ደረስሁና ከደንሁ።

በአጥሩ ላይ ሴቶች ቆመው ነበር፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሳይናገሩ። ማን ሰማ፣ ማን ለማን ተናገረ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የመጣ የለም። እናትየው ፎቶውን ከአንቀልባው አውጥተው ደረታቸው ውስጥ ከተቱና «ዛሬ ተፈታልኝ» አሉ። ልጅቱ እኔን አየች። ፍትሐት እንዳልነበር ሳንነግራቸው ካሜራውን አብረን አጣጠፍን።

በመልስ ጉዞ ወናፉ አልተነፈሰም። እንዲተነፍስ ጆሮዬን ጥዬ እጠብቅ ነበር።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ መድኃኒቱ ላይ ሲንሳፈፍ መጀመሪያ ዓይኖቹ መጡ፤ ቀጥሎ ግንባሩ። ከአፍንጫው በታች ነጭ ሆኖ ቀረ። ጋሼ እርሳስ ቀርጸው ብዙ ፊት ሲያቀኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ግን እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

«የማላውቀውን አፍ ከየት አመጣለሁ?»

«የእኔና የወንድሜ አፍ አንድ ነው ይሉን ነበር» አለች ልጅቱ። ለፈረቃ የምትገባበት ቀን ነበር፤ የሥራ ካፖርቷን ለብሳለች።

ሣጥን ላይ አስቀመጧት። እሷን አንድ ጊዜ፣ ወረቀቱን አንድ ጊዜ እያዩ መሳል ጀመሩ። «ከንፈርሽን አታነቃንቂ» ይሏታል በየመሐሉ። አላነቃነቀችም። በመስኮቱ ሥር ሆኜ አፉ ቀስ በቀስ ፊቱ ላይ ሲበቅል አየሁ፤ የሰው አፍ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጋሼ እርሳሱን አስቀመጡ። «በቃ። አሁን ተናገሪ።»

ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። የፋብሪካው ጡሩምባ ተነፋ። በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከንፈሯን እንደ ገጠመች፣ ወጥታ ሄደች።