የታጠበው ጨው

የእርግዝናዬ አራተኛ ወር ላይ ነበርኩ። ሐኪሟ አንገቴን በሁለት ጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና "እስቲ ምራቅሽን ዋጪ" አለችኝ። ዋጥኩ። "እንቅርት ጀምሮሻል። ትንሽ ናት፤ አትደንግጪ።" ሰው ደግሞ አትደንግጥ ሲባል ነው የሚደነግጠው።

የደም ምርመራው የእንቅርት ዕጢው ሆርሞን ወርዶ ዝቅተኛው ልክ ጫፍ ላይ መድረሱን ያሳያል አለች። በምግብ እንሞክረው፣ ካልሆነ ክኒን ይከተላል። እንቁላል ብዪ፣ ወተት ጠጪ፣ ዓሣ ካገኘሽ እሰየው። ጨው ግን አዮዲን ያለው ብቻ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። ለጨው ይህን ያህል ጭቅጭቅ ምንድን ነው ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። "የልጅሽ አእምሮ የሚሠራው አሁን ነው" አለችኝ።

ያኔ እህቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ባሌ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ እስክወልድ እናቴ ቤት ገብቻለሁ፤ እናቴ፣ ታላቅ እህቴና እኔ ነን። እህቴ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። የምታውቃቸው ቃላት ግን በጣት ይቆጠራሉ። ሰፈሩ የሰው ዓይን ነው ይላል፣ እናቴም ይህንኑ አምና ኖራለች። እህቴን እወዳታለሁ፤ አምላክ ያውቃል። ግን ባጃጅ ውስጥ ሆዴን ይዤ "እንደ እሷ አይሁንብኝ" ብዬ ለመንኩ። ወዲያው በራሴ አፈርኩ።

ጨዉን ራሴ ገዛሁ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ አጠገብ ካለ ሱቅ፣ አዮዲን አለው ተብሎ የተጻፈበት፣ የታሸገ ሻካራ ጨው። ሁዳዴ ነበር። እናቴ ጾመኛ ብትሆንም "ለነፍሰ ጡር ጾም የለም" ብላ በየማለዳው እንቁላል ትጠብስልኛለች። መቅመስ ስለማትችል ከፊቴ ቆማ "ጨው በቃው?" ትለኛለች። "በቃው እማዬ።" እስክጨርስ ንቅንቅ የለም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና ተመረመርኩ። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ፊቷ ጠቆረ። ሆርሞኑ ይባስ ወርዷል።

"የነገርኩሽን እየበላሽ ነው?"

"አንድም አላጎደልኩም።"

"ጨዉንስ ማነው የሚይዘው?"

"እናቴ።"

ክኒኑን ጻፈችልኝና "ሂጂና ጨዉን እይ፤ ዛሬውኑ" አለችኝ።

ቤት ስደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ግቢው መሐል ትሪ ተቀምጧል፤ ትሪው ላይ ጨው ነጭ ብሎ ተዘርግቷል። እህቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ ወፍ ትጠብቃለች። እናቴ ከሳፋ ውስጥ ውሃ ልትደፋ ጎንበስ ብላለች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጨውሽ ነዋ። ለቅለቅ አድርጌ አሰጣሁት። ስንት እጅ ነክቶታል፣ አሸዋ ልትበዪ ነው?"

አባቴ ባቡር ላይ በሚሠራበት ዘመን በጆንያ ይመጣልን የነበረው ጨው አሸዋ ነበረው፤ አጥቦ ማስጣትን ከዚያ ነው የለመደችው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ትሪ እያየሁ አድጌአለሁ። አንድ ቀን ልብ ብዬ አስቤው አላውቅም እንጂ።

"ካመጣሁት ቀን ጀምሮ ታጥቢዋለሽ?"

"ታዲያስ! ለአንቺማ ሁለት ጊዜ ነው የማጥበው።"

ደሜ ፈላ። "አቦ እማዬ! መድኃኒቱን እኮ ነው አጥበሽ የደፋሽው! አዮዲኑ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ የቀረውን ፀሐይ ይበላዋል! ልጄ እንደ እሷ እንዲሆንልሽ ነው?" ብዬ ወደ እህቴ ጠቆምኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እህቴ ጩኸት አትወድም፤ ተነስታ ከእናቴ ጀርባ ተሸሸገች። እናቴ ሳፋውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቢሆንልኝ በጥፊ ብትለኝ እመርጥ ነበር።

"እሷን ያረገዝኩ ጊዜም አጥቤ ነው የበላሁት" አለች። ድምጿ አይሰማም ማለት ይቻላል። "ታዲያ እኔ ነኝ?"

ትሪው አጠገብ ቁጭ አልኩ።

"አይደለሽም" አልኳት ፈጠን ብዬ። "ያኔ ጨው ላይ የሚጨመር ነገር አልነበረም። ብታጥቢውም ባታጥቢውም ያው ነበር።"

"እውነትሽን ነው?"

"ወላሂ!" ድሬ ያደግን ክርስቲያኖችም የምንምለው እንዲህ ነው።

ያኔ አልነበረም ያልኩትን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሐኪሟን ልጠይቃት ስንት ጊዜ አፌ ላይ አድርሼ መልሼዋለሁ። እውነት ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን ይዤው ወደ እናቴ ቤት እንዴት እገባለሁ?

ልጄ ዛሬ ሁለት ዓመቷ ነው። ክኒኑ ይሁን፣ እንቁላሉ ይሁን፣ ያልታጠበው ጨው ይሁን እንጃ፣ ወሬዋ አያልቅም። እናቴ በወሬዋ ትስቃለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ድንገት ሳቋን ገታ አድርጋ እህቴን ታያለች።