አያቴ ድንበራችንን ለካርታው ነገሩት

አያቴ ዛሬ ቤታችንን በገዛ አፋቸው አስፈረሱት።

የመንደር ምሥረታው ሹም ደጃችን ላይ ካርታ ዘርግቶ "አባት፣ መሬታችሁ ከየት እስከ የት ነበር?" አላቸው።

እኛ መንዞች ዘንድ አቅኚ አባቱን እስከነድንበሩ የጠራ ሙግት ይረታል። እሳቸውም የርስት ሙግት የተመለሰ መስሏቸው፣ መጀመሪያ ከሰፈረው አባታችን ጀምረው ወንዙን፣ ገደሉን፣ ድንጋዩን በየስሙ ጠሩለት። ሰውየው ሁሉንም ካርታው ላይ ጻፈ።

(ትምህርት ጥዬ የወጣሁት እኔ እንኳ ነገሩ ሸትቶኝ ነበር።)

"አመሰግናለሁ አባት። ለመንደር የሚበቃ ሰፊ መሬት አሳያችሁን፤ አዲሱ መንደር እዚሁ ላይ ይሠራል፤ የእናንተ ቤት ይነሳል" አለ።

ካርታውን ልቀድደው ስነሳ አያቴ እጄን ያዙኝ።

"ተው አንተ፣ የአባቶችህ ስም አለበት" አሉኝ።

እናንተስ ጋ ካርታ የያዘ መጥቷል? ካልመጣ ሽማግሌዎቻችሁን ከወዲሁ ዝም አሰኟቸው።